ድራይ ቶርቱጋስ፦ የከዱ ወታደሮች የግዞት ደሴት

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1861–1865) ከሰሜኑ ጦር ከድተው የተያዙና ሞት የተፈረደባቸው ወታደሮች ከሞት ሲተርፉ የሚጋዙት ወደ ድራይ ቶርቱጋስ ነበር። ደሴቶቹ ከፍሎሪዳው ኪ ዌስት በስተምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ውስጥ ገብተው የሚገኙ የአሸዋና የኮራል ቁራሽ መሬቶች ናቸው። እስር ቤቱ ጋርደን ኪ በተባለችው ደሴት ላይ የቆመው የፎርት ጄፈርሰን ምሽግ ነበር።

በዚያ ጦርነት ከድቶ መጥፋት የጥቂቶች ጉዳይ አልነበረም። ከሰሜኑ ጦር ብቻ 200,000 ያህል ወታደር እንደጠፋ ይገመታል። ደመወዝ ለወራት ይዘገያል፤ አዝመራው ሳይሰበሰብ ቀርቶ ቤተሰብ መቸገሩን የሚናገር ደብዳቤ ይደርሳል። ለመመዝገቢያ የሚሰጠውን ጉርሻ ተቀብሎ የሚሰወር፣ ከዚያም በሌላ ከተማ በሌላ ስም ተመዝግቦ ዳግም ጉርሻ የሚወስድም ነበር። ሕጉ ግን የገበሬውን ልጅና አታላዩን አይለይም፤ ለሁለቱም የተጻፈው ከፍተኛ ቅጣት ሞት ነው።

የኦሃዮ ግዛት ይህን ችግር በቅርብ ታውቀው ነበር። ከኮሎምበስ በስተምዕራብ በ1861 የተከፈተው ካምፕ ቼዝ በመጀመሪያ የምልምሎች ማሠልጠኛ፣ ቀጥሎም የደቡብ ምርኮኞች እስር ቤት ሆነ። በደቡቦቹ ተማርከው የምርኮኛ ልውውጥ እስኪደረግ ላይዋጉ ቃል ገብተው የተለቀቁ የሰሜን ወታደሮችም እዚያው ይከማቹ ነበር። በ1862 መኸር ጄኔራል ሉ ዋላስ እነዚህን ሰዎች አደራጅቶ በሚኒሶታ ከዳኮታ ነባር ሕዝቦች ጋር ለሚደረገው ውጊያ እንዲያዘጋጅ ሲላክ ያገኘው ደመወዝ ያልተከፈለው፣ ልብሱ ያለቀና ሥርዓት የጠፋበት ሠራዊት ነበር፤ ብዙዎቹም ጠፉ። ለምሳሌ ከካምፑ ተነስቶ በስተሰሜን ወደምትገኘው ሉዊስ ሴንተር የተባለች መንደር መድረስ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው። ኮሎምበስን ከክሊቭላንድ የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድም በዚችው መንደር በኩል ያልፋል። ቤቱ ይህን ያህል የቀረበውን፣ መዋጋትም ያልተፈቀደለትን ወጣት ያለ ደመወዝ በካምፕ አስቀምጦ ማቆየት ከማንም አዛዥ አቅም በላይ ነበር።

መንግሥት መረቡን ያጠበቀው በመጋቢት 1863 በወጣው የምልመላ ሕግ ነው። በየወረዳው የጦር ፖሊስ ሹም ተመደበ፤ ከድቶ የጠፋን ወታደር ይዞ ለሚያስረክብ ሰው የሚሰጠው ወሮታም በዚያው ዓመት 30 ዶላር ደረሰ። ይህ ገንዘብ ከአንድ ተራ ወታደር የሁለት ወር ደመወዝ ይበልጣል። በሰኔ 1863 በኦሃዮ ሆልምስ ካውንቲ ገበሬዎች ምልመላውን በመሣሪያ ሲቃወሙ ያበረደው ከካምፕ ቼዝ የተላከ ጦር ነበር። ከአንድ ወር በፊት ደግሞ ጦርነቱን አጥብቆ የሚቃወመው የኦሃዮ ፖለቲከኛ ክሌመንት ቫላንዲግሃም ዴይተን ላይ ተይዞ በወታደራዊ ችሎት ተፈርዶበታል። ፕሬዚዳንት ሊንከን እርምጃው ትክክል መሆኑን ለማስረዳት በሰኔ በጻፉት ደብዳቤ፣ የዋሁ ወጣት ወታደር ከድቶ በመጥፋቱ በጥይት ሲገደል እንዲከዳ የሚሰብከው ብልጣብልጥ ለምን እንደማይነካ ጠይቀዋል።

ሊንከን የሞት ፍርድ መዝገቦችን ከዋናው የጦር ዓቃቤ ሕግ ጆሴፍ ሆልት ጋር ተቀምጠው ይመረምሩ ነበር። ሆልትና ብዙ ጄኔራሎች ምሕረት ሥርዓት ያፈርሳል ባዮች ናቸው፤ ሊንከን ደግሞ ፈርቶ የሮጠን ልጅ መግደል ማንንም ጀግና አያደርግም የሚል እምነት ነበራቸው። የካቲት 26 ቀን 1864 የጦር ሚኒስቴር ያወጣው ጠቅላላ ትእዛዝ ቁጥር 76 ይህን እምነት ደንብ አደረገው። በክህደት ሞት ተፈርዶባቸው ፕሬዚዳንቱ ገና ውሳኔ ያልሰጡባቸው ሁሉ ቅጣታቸው ወደ እስራት ተለውጦ፣ ጦርነቱ እስኪያበቃ በድራይ ቶርቱጋስ እንዲታሰሩና ወደዚያም በየጦሩ አዛዦች ትእዛዝ በዘብ ታጅበው እንዲላኩ አዘዘ። አዛዦች ለጦሩ ይጠቅማል ያሉትን ፍርደኛ ወደ ክፍሉ የመመለስ ሥልጣንም ተሰጣቸው። በክህደት የተገደሉት ቁጥር በመላው ጦርነት ከ150 ያልበለጠው በእንዲህ ዓይነቱ ምሕረት ነው።

ከድቶ የጠፋን ወታደር በባሕር ማጋዝ አዲስ ነገር አልነበረም። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የራሳቸውን ከጂዎች ወደ አውስትራሊያ ይልኩ፣ ሰውነታቸውንም በፊደል ምልክት ይነቅሱ ነበር። ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ጣሊያኖች በዳህላክ ደሴቶች መካከል ያቋቋሙት የኖኩራ እስር ቤት ነው፤ እዚያ የተጋዙት ግን በአብዛኛው ለቅኝ ገዢው አልገዛም ያሉ የአገሬው ሰዎች ናቸው። የቶርቱጋስ ልዩነት ግዞቱ የሞት ምትክ ሆኖ መምጣቱ ነው።

ምትኩም ቀላል አልነበረም። በ1846 መሠረቱ የተጣለው ባለ ስድስት ማዕዘን ምሽግ ከ16 ሚሊዮን በላይ ጡብ ፈጅቶም አላለቀም። በመጀመሪያ ከነጻ ሠራተኞች ጎን ጡቡን የሚሸከሙት ጌቶቻቸው ከኪ ዌስት ያከራዩዋቸው ጥቁር ባሪያዎች ነበሩ፤ በ1863 እስረኞች ስለበዙ ቦታውን እነሱ ተኩ። የባሪያዎች የነጻነት አዋጅ በወጣበት ዓመት የባሪያው ሸክም ወደ ከዳው ወታደር ትከሻ ዞረ ማለት ነው። በ1864 የእስረኞቹ ቁጥር ከ800 በላይ ደርሶ ነበር። ለመድፍ ተብለው በተሠሩ ክፍት የግንብ ክፍሎች ያድራሉ፤ ቀን ጡብና አሸዋ ያግዛሉ፣ ከመርከብ ድንጋይ ከሰል ያራግፋሉ። ያጠፋ በአውራ ጣቱ ይንጠለጠላል ወይም ከባድ የመድፍ ጥይት ተሸክሞ ሲመላለስ ይውላል።

ከሁሉ የከፋው የውሃ ጉዳይ ነው። ደሴቷ ምንጭ የላትም። መሐንዲሶቹ የዝናብ ውሃ ከግንቡ ሥር ባሉ ጉድጓዶች እንዲጠራቀም አቅደው ነበር፤ ግንቡ በአሸዋው ላይ ሲሰምጥ ጉድጓዶቹ ተሰነጣጥቀው ጨው ገባባቸው። ስለዚህ የባሕር ውሃ አፍልቶ የሚያጣራ ማሽን ተተከለ። አትክልት በማጣት የሚመጣው ስኩርቪ ድድ ያደማ፣ ጥርስ ያረግፍ ነበር።

በሐምሌ 1865 በሊንከን ግድያ ሤራ የተፈረደባቸው አራት ሰዎች፣ ከነሱም ሐኪሙ ሳሙኤል ማድ፣ እዚሁ ገቡ። ግዞትን በሞት ፋንታ የመረጡት ፕሬዚዳንት ተገድለው፣ በግድያቸው የተወነጀሉት ከከዱት ወታደሮች ጋር በአንድ ግንብ ታሰሩ። በ1867 ቢጫ ወባ ገብቶ የምሽጉን ሐኪም ጨምሮ 38 ሰዎች ሲሞቱ ሕሙማኑን የተረከበው ማድ ነበር፤ በ1869 ምሕረት ተደረገለት።

ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ የከጂዎቹ ቅጣት ዘመን አብሮ ስላበቃ ቁጥራቸው እያነሰ ሄደ፤ በሌላ ወንጀል የዓመታት እስራት የተፈረደባቸው ቆዩ። ጦሩ ምሽጉን በ1874 ለቀቀ። ቦታው በ1935 ብሔራዊ ቅርስ፣ በ1992 ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል።