200 ሺህ ዶላር ታስቦ 41 ሚሊዮን ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ሃሪኬን ሃርቪ ቴክሳስን ሲመታ፣ የሂውስተኑ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ጄ.ጄ. ዋት ከኪሱ 100 ሺህ ዶላር አውጥቶ በኢንተርኔት መዋጮ ጀመረ። ያሰበው 200 ሺህ ለመሙላት ነበር። በሦስት ሳምንት ገደማ 37 ሚሊዮን ገባለት፤ ሲጠቃለል 41.6 ሚሊዮን ሆነ። ሰው የሚያወራው የገንዘቡን ብዛት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ ገንዘቡ በአንድ ሰሞን ፈስሶ አላለቀም፤ ከዓመት በኋላ ለሚመጣው ሥራ ጭምር ተያዘ። ለምን መሰላችሁ?

ሃርቪ ይበልጥ የጎዳው በዝናቡ ነው። ኔደርላንድ በምትባል ከተማ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ወረደ፤ ቢጠራቀም አዋቂ ሰው ትከሻ ይደርሳል። እስቲ ውኃ የገባበት አንድ ቤት እንግባ። ግድግዳው ጂፕሰም ቦርድ ነው። ቦርዱ ውኃ እየመጠጠ ወደ ላይ ይስባል፤ ጎርፉ ጉልበት ላይ ቢቆምም እርጥበቱ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ተቆርጦ ይወጣል፣ ከውስጥ ያለው እንጨት እስኪደርቅም ይጠበቃል። ሳይደርቅ ከተሸፈነ ከጀርባው ሻጋታ ያበቅላል። በዚህ ሰሞን የሚፈለገው አካፋና ጭንብል የያዘ በጎ ፈቃደኛ ነው። ትልቁ ወጪ የሚመጣው መልሶ ግንባታው ሲጀመር ነው።

ያን ወጪ ማን ይሸፍናል? መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይነካም፤ የጎርፉ ለብቻው ይገዛል፤ ውኃ ከገባባቸው የሂውስተን ቤቶች አብዛኞቹ ደግሞ አልነበራቸውም። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ በዚያ ዓመት ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ 33,300 ዶላር ይሰጥ ነበር፤ ብዙዎች ያገኙት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የመንግሥት ብድርም አለ፤ በጡረታ የሚኖሩ አዛውንት በምን ይከፍሉታል? ይህ ሁሉ ተሞክሮ የጎደለውን የሚሞላው መዋጮው ነው። ተራው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ፣ ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ደግሞ የሰው ልብ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሃርቪ በመታ በአንድ ወር ውስጥ ኢርማ የተባለው ሃሪኬን ፍሎሪዳን፣ ማሪያ የተባለው ደግሞ ፖርቶ ሪኮን መቱ፤ ቴሌቪዥኑም ሰጪውም ወደዚያ ዞረ።

ከሁሉ የምወደው ክፍል ይኸውላችሁ። አብያተ ክርስቲያናትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የረጅም ጊዜ ማገገሚያ ኮሚቴ አቋቁመው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። የቤተሰቡን ጉዳይ የሚከታተለው ሠራተኛ ፋይሉን ይዞ ይገባል፦ ከፌማ ይህን ያህል መጣ፣ ይህን ያህል ጎደለ። አንዱ ቦርዱንና በሩን እገዛለሁ ይላል፣ ሌላው አናጺ እልካለሁ፣ ሦስተኛው ምድጃና አልጋ። አንድ ቤት የሚቆመው እንዲህ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የተረፈ ገንዘብ ካለ።

የዋት መዋጮ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 600 ያህል ቤቶችንና 420 ያህል የሕፃናት መዋያዎችን (ዴይኬሮችን) አሳድሷል። ዴይኬሩን አትናቁት፤ እሱ ካልተከፈተ እናት ሥራ አትገባም፣ ደመወዝ ከሌለ ደግሞ ኪራይ የለም።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ሃሪኬን ስታዋጡ ልብስ አትላኩ፤ መጋዘንና የሚለይ ሰው ይፈልጋል። ገንዘብ ላኩ። ሰብሳቢውንም ጠይቁት፦ ከዓመት በኋላ ለሚታደሰው ቤት ስንት አስቀምጣችኋል? መልስ ካጣችሁ ግማሹን ያዙና ዓመት ሲሞላው ለአካባቢው የማገገሚያ ኮሚቴ ስጡት።