ወንዝ የሌላት ኢየሩሳሌም በወንዝ ነገሥታት መካከል

በምዕራብ ኢየሩሳሌም፣ ከነቢያት ጎዳና ታጥፎ በሚገባው ጠባቡ የኢትዮጵያ ጎዳና ላይ፣ በድንጋይ አጥር የተከበበ ክብ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት። ከዚያ ተነስቶ ወደ አሮጌው ከተማ የሚያመራ ሰው፣ ግንቡን በደቡብ ምሥራቅ በኩል አልፎ ወደ ቄድሮን ሸለቆ ሲወርድ ከዓለት ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ያገኛል። የምንጩ ስም ግዮን ነው።

ገነትና ግዮን። ኦሪት ዘፍጥረትን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁለቱ ስሞች አይለያዩም። ከገነት ወጡ ከተባሉት አራት ወንዞች ሁለተኛው ግዮን ሲሆን፣ የኢትዮጵያን ምድር የሚከብ እሱ ነው ተብሎ ተጽፏል። ጎጃም ሰከላ ላይ የሚመነጨውን ዓባይን ምእመናን በዚህ ስም ይጠሩታል፤ አዲስ አበባም የታወቀ ሆቴሏን ሰይማበታለች። የኢየሩሳሌሙ ግዮን ግን ወንዝ አይደለም፣ ምንጭ ነው። በዕብራይስጥ ስሙ «መፍለቅ» ከሚል ቃል እንደወጣ ይነገራል።

ኢየሩሳሌም ወንዝ የላትም። ታላላቆቹ የጥንት ሥልጣኔዎች በወንዝ ዳር ሲበቅሉ እሷ ተራራ ላይ፣ በአንድ ምንጭና በዝናብ ውኃ ጉድጓድ ስትኖር ቆይታለች። ይሁንና የወንዝ መንግሥታትን ታሪክ እንደ እሷ ቀርቦ ያየ ከተማ ጥቂት ነው። ለምን ቢባል፣ በዓባይ ነገሥታትና በጤግሮስና ኤፍራጥስ ነገሥታት መካከል፣ ጦርና ነጋዴ ከሚመላለስበት የባሕር ዳርቻ መንገድ ብዙም ሳትርቅ ስለተቀመጠች ነው። ከእነዚያ ነገሥታት መካከል ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ «የኢትዮጵያ ንጉሥ» የሚለው ይገኝበታል።

ጎተራ፣ ጸሐፊ፣ ጦር

ነገሩ የሚጀምረው ከጎርፍ ነው። ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚሞሉት በጸደይ፣ በሰሜን ተራሮች ላይ ያለው በረዶ ሲቀልጥ ነው። ያ ወቅት ደግሞ ሰብሉ ሊታጨድ የተቃረበበት ነው። ስለዚህ ገበሬው ውኃውን በግድብ መመለስ፣ በቦይ መምራትና ለደረቁ ወራት ማቆየት ነበረበት። አንድ ቤተሰብ ብቻውን የሚወጣው ሥራ አልነበረም።

ቦዩ ብቻውን መንግሥት አልፈጠረም። ግን በቦይ የለማ መሬት ከአራሹ ቤት ፍጆታ በላይ እህል ይሰጣል። ትርፍ እህል ጎተራ ይፈልጋል፤ ጎተራ ጠባቂና ቆጣሪ ይፈልጋል፤ ቆጣሪው ደግሞ ምልክት ያስፈልገዋል። በኤፍራጥስ አጠገብ በነበረችው ኡሩክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ በሸክላ ላይ የተቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አብዛኞቹ ግጥምም ጸሎትም አይደሉም። የእህል፣ የከብትና የሠራተኛ ቀለብ ሒሳብ ናቸው። ግብር መሰብሰብ የቻለ ጦር መቀለብ ቻለ፤ ጦር የቀለበ ደግሞ የጎረቤቱን ጎተራ ማየት ጀመረ።

በኢንደስ ሸለቆ ሀራፓና ሞሄንጆ ዳሮ፣ በቻይናም በቢጫ ወንዝ ዳር የተነሱት ማኅበረሰቦች በየራሳቸው መንገድ ከወንዝ ጋር አብረው አደጉ። ግብፅ ግን ከሁሉም የተለየ ዕድል ነበራት። ዝናብ የሌለ ያህል በሆነበት አገር፣ በበጋው ሐሩር መካከል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ዓባይ በየዓመቱ ይሞላል። ውኃው በማሳው ላይ ተኝቶ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል፤ ገበሬው በዚያ ላይ ይዘራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ዓመት ገደማ የላይኛውና የታችኛው ግብፅ በአንድ ዘውድ ሥር ሲጠቃለሉ መሠረታቸው ይኸው ጎርፍ ነበር።

ብዙ ጊዜ የዓባይ ሥልጣኔ ሲነሳ ወሬው ግብፅ ላይ ያበቃል። ነገር ግን ከግብፅ በስተደቡብ፣ በዛሬዋ ሱዳን፣ በሦስተኛው የዓባይ ፏፏቴ አቅራቢያ ከርማ የምትባል ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2500 ዓመት ገደማ ጀምሮ የራሷ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። የኩሽ መንግሥት የምንለው ከዚህ ይነሳል።

ከተራራ የተላከ አቤቱታ

እ.ኤ.አ. በ1887 በግብፅ አማርና በተባለ ቦታ በርካታ የሸክላ ደብዳቤዎች ተገኙ። ከላኪዎቹ አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢየሩሳሌም ገዥ የነበረው አብዲ ሔባ ነው። ጠላቶቹ አስጨንቀውታል፤ ፈርዖን ቀስተኞች እንዲልክለት ይማጸናል። የሚገርመው የጻፈበት ቋንቋ ነው። ለዓባይ ንጉሥ የጻፈው በኤፍራጥስ አገር ቋንቋ፣ በአካድኛ ነው። ያኔ የመንግሥታት መግባቢያ ይኸው ቋንቋ ነበርና።

አብዲ ሔባ ሌላም አቤቱታ አለው። በፈርዖን ጦር ውስጥ ያገለግሉ የነበሩ የኩሽ ሰዎች እዚያው ቤቱ ውስጥ ሊገድሉት ትንሽ ቀርቷቸው እንደነበር ያማርራል። እንግዲህ ከዛሬ 3300 ዓመት በፊት ከላይኛው ዓባይ የመጡ ወታደሮች ኢየሩሳሌም ውስጥ ነበሩ ማለት ነው፤ የተጠቀሱትም በምስጋና ሳይሆን በክስ ነው።

እዚያው ኢየሩሳሌም፣ ከቤተ መቅደሱ ተራራ በስተደቡብ በሚገኘው ዖፌል፣ በአርኪዮሎጂስት ኤይላት ማዛር የተመራ ቁፋሮ በዚያው ዘመን የተጻፈ የሸክላ ስባሪ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነው ይህ ቁራጭ ሦስት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በከተማዋ ከተገኙ ጽሑፎች ሁሉ ጥንታዊው ነው ተብሏል።

ሕዝቅያስ በሁለት ኃይሎች መካከል

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሩ ተገለበጠ። የናፓታው የኩሽ ንጉሥ ፒዬ ወደ ሰሜን ዘምቶ ግብፅን አስገበረ። እሱና ተከታዮቹ በግብፅ ታሪክ 25ኛው ሥርወ መንግሥት ተብለው ይቆጠራሉ። በሌላው ጫፍ ደግሞ በጤግሮስ ዳር የነበረችው አሦር ወደ ምዕራብ እየገፋች ነበር። የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ በሁለቱ መካከል ገባ።

ሕዝቅያስ ለአሦር መገበሩን ሲያቆም የሚመጣውን ያውቅ ነበር። ግዮን ምንጭ ከግንቡ ሥር ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ፣ ከበባ ሲመጣ ውኃው በጠላት እጅ መውደቁ ነው። ስለዚህ ከምንጩ እስከ ሰሊሆም መጠመቂያ ዓለቱን አስፈልፍሎ 533 ሜትር የሚረዝም ዋሻ አሠራ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሥራውን የእሱ ነው ይላሉ። ሁለት ቡድን ከሁለት ጫፍ እየፈለፈለ መሐል ላይ ተገናኝቷል። በዋሻው ግድግዳ ላይ የተቀረጸውና እ.ኤ.አ. በ1880 የተገኘው ጽሑፍ፣ ሠራተኞቹ ሊገናኙ ሲቃረቡ በዓለቱ ውስጥ የአንዱ ቡድን ድምፅ ለሌላው ይሰማ እንደነበር ይተርካል። ጽሑፉ ዛሬ ኢስታንቡል ነው። ዋሻው ግን እዚያው አለ፤ ጎብኚዎች ባትሪ እያበሩ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው በውኃው ውስጥ ያቋርጡታል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም መጣ። ድርጊቱን ያስጻፈበት ባለ ስድስት ገጽ የሸክላ ዓምድ በሦስት ቅጂ የሚታወቅ ሲሆን አንዱ በኢየሩሳሌም፣ በእስራኤል ሙዚየም ይገኛል። 46 የተመሸጉ ከተሞችን እንደያዘ፣ ሕዝቅያስንም በከተማው ውስጥ ቀፎ ውስጥ እንደገባ ወፍ እንደዘጋበት ይፎክራል። ኤልተቄ በተባለ ስፍራ ደግሞ የግብፅ ነገሥታትና የ«መሉሃ» ንጉሥ ቀስተኞች፣ ሠረገሎችና ፈረሰኞች እንደገጠሙት ይናገራል። መሉሃ ኩሽ ነው። የሚያስደንቀው፣ ይኸው ስም ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ በመስጴጦምያ ጽሑፎች የኢንደስ ሸለቆ መጠሪያ እንደነበር ብዙ ሊቃውንት መስማማታቸው ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ሊዋጋው መውጣቱን ሰናክሬም እንደሰማ ይተርካል። ቲርሐቅ በሌሎች ጽሑፎች ታሃርቃ የሚባለው ነው። ዙፋን ላይ የወጣው በ690 ስለሆነ፣ በ701 ልዑልና የጦር መሪ ሳይሆን አልቀረም። ሰናክሬም ከባድ ግብር ቢቀበልም ኢየሩሳሌምን ሳይዝ ተመለሰ። ለምን? መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር መልአክ ነው ይላል። ካናዳዊው ጋዜጠኛ ሄንሪ ኦበን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ከተማዋን ያዳነው የኩሽ ጦር ነው ሲል ተከራክሯል። ሁሉም ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ ክርክሩ ግን የኩሽን ስም ከግርጌ ማስታወሻ አውጥቶ ወደ ዋናው ጽሑፍ አምጥቶታል።

የዓባይ ጥላ በራሱ በሕዝቅያስ ማኅተም ላይም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው የሸክላ ማኅተሙ ስሙን ከአባቱ ስም ጋር ይዞ፣ ባለ ክንፍ ፀሐይና «አንክ» የተባለውን የግብፅ የሕይወት ምልክት ተቀርጾበታል።

ያ ጎርፍ ከየት መጣ?

ታሃርቃ በነገሠ በስድስተኛው ዓመት ዓባይ ከልክ በላይ ሞላ። ንጉሡ በካዋ ቤተ መቅደስ ባቆመው ሐውልት ላይ ይህን እንደ ታላቅ በረከት አስመዝግቦታል፤ በኩሽ ምድርም ዝናብ መዝነቡን ጠቅሷል። የጎርፉ ዋና ምንጭ ግን ከዚያም ርቆ፣ በኢትዮጵያ ደጋ የሚጥለው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። ከዓባይ ውኃ 85 ከመቶ ገደማው፣ ከደለሉም አብዛኛው የሚሄደው ከዚሁ ደጋ በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት ቀልድ ይመስላል እንጂ የግብፅን ጎተራ ምስጢር ይዟል። የጎጃምና የትግራይ አፈር ነው ፈርዖንን ያበላው።

ስሙስ የማን ነው?

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የዕብራይስጡ መጽሐፍ የሚለው «ኩሽ» ነው። ወደ ግሪክ ሲተረጎም «ኢትዮጵያ» ሆነ፤ የግዕዙ መጽሐፍም ከግሪኩ ስለተተረጎመ ቃሉን እንዳለ ወሰደው። የቲርሐቅ ከተማ ናፓታ ያለችው በዛሬዋ ሱዳን ነው። አክሱም የገነነችው ከእሱ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ የወንዝ ዳር መንግሥትም አልነበረችም። ኑሮዋ በደጋ ዝናብ፣ በበሬ እርሻና በቀይ ባሕር ንግድ ላይ ነበር። እንዲያውም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና እስከ ተከዜና ዓባይ ዘምቶ ካሱን፣ ማለትም ኩሽን፣ እንደወጋ በድንጋይ አስቀርጿል። በሌላ ጽሑፉ ደግሞ ግዕዙ «ሐበሻ» የሚለውን ሕዝብ የግሪኩ ቅጂ «ኢትዮጵያውያን» ይለዋል።

ስለዚህ «ቲርሐቅ የእኛ ንጉሥ ነው» ብሎ መፎከርም፣ «ኢትዮጵያን አይመለከትም» ብሎ መዝጋትም ልክ አይሆንም። ዙፋኑ የሱዳን ምድር ነው፤ ይህን ክብር ከሱዳናውያን መውሰድ አይገባም። ውኃውና አፈሩ ግን ከደጋው ወርዷል። ስሙ ደግሞ አገር ቀይሮ፣ ሕዝብ ተቀብሎት፣ ጸልዮበትና ሞቶለት የራሱ አድርጎታል። ይህም ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አይደለም።

የወንዝ ነገሥታቱ አንድም አልቆዩም። አሦራውያን በ671 ሜምፊስን ያዙ፣ በ663 ቴብስን በረበሩ፤ ኩሾችም ወደ ደቡብ ተመለሱ። ነነዌ በ612 ወደቀች። የኤፍራጥሷ ባቢሎን በ586 ገደማ ኢየሩሳሌምን አቃጠለች። በዚያ ከበባ ውስጥ ነቢዩ ኤርምያስን በገመድ ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊ የተባለው አቤሜሌክ ነበር፤ የኩሽ ሰው፣ የንጉሥ ቤት አገልጋይ። ከአብዲ ሔባ ክስ እስከ አቤሜሌክ ገመድ ድረስ፣ ኩሾች በኢየሩሳሌም ታሪክ ውስጥ የገቡት በአንድ መልክ ብቻ አልነበረም።

የዓባይ ጉዳይ በኢትዮጵያ ጎዳናም አልቀረም። ደብረ ገነት የተጀመረው በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ነው፤ የተፈጸመው በአፄ ምኒልክ ነው። አፄ ዮሐንስ ለሥራው ከላኩት ገንዘብ ውስጥ በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር የተማረከ ወርቅ እንዳለበት ይተረካል። የከዲቭ ኢስማኤል ጦር እ.ኤ.አ. በ1875 እና በ1876 የዘመተው የዓባይን ሸለቆ እስከ ምንጩ ለመጠቅለል ከነበረው ሕልም ጋር ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም የዚሁ ረጅም ክርክር ምዕራፍ ነው።

ለትንሣኤ የሚሳለም ኢትዮጵያዊ ወይም እዚያው አገር ያደገ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት፣ የሰናክሬምን ዓምድ፣ የሕዝቅያስን ዋሻና ደብረ ገነትን በአንድ ቀን ማየት ይችላል። ሦስቱም አንድ ነገር ይመሰክራሉ፤ በወንዝ የገነኑት ወድቀዋል፣ አንድ ምንጭ ብቻ የነበራት ከተማ ግን ዛሬም ሰው ይኖርባታል።