የእጅ ኳሱ ሜዳ ለእግር ኳስም ይዋል

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

የጋምቤላ ልጅ እግር ኳስ ወዳድ መሆኑን ለአንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በግብፅ ክለቦች የተጫወተው ኡመድ ኡክሪ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ለሩሲያው አንዚ ክለብ የፈረመው ጋቶች ፓኖም የዚሁ ምድር ተወላጆች ናቸው። ነገር ግን ሜዳችን ሁለት ባላጋራ አለበት፤ እነርሱም ፀሐይና ጭቃ ናቸው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ በባሮ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ስለሆነች በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ሜዳው ይጨቀያል። ስለዚህ ፉትሳል ስለሚባለው የቤት ውስጥ እግር ኳስ ጥቂት አስረድቼ አንድ ሐሳብ ለማቅረብ ብዕሬን አነሣሁ።

ብዙ ሰው ፉትሳል ማለት ትልቁን ጨዋታ አሳንሶ በአዳራሽ ማድረግ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጨዋታውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዎ የጀመረው ኹዋን ካርሎስ ሴሪያኒ የተባለ የወወክማ የስፖርት መምህር ነው። እርሱም የተጫዋቹን ቁጥርና የ40 ደቂቃውን ጊዜ ከቅርጫት ኳስ፣ የሜዳውን ስፋትና የግቡን ልክ ከእጅ ኳስ ወሰደ። ስለዚህ ፉትሳል የራሱ ሕግ ያለው ጨዋታ ነው።

በትልቁ ሜዳ 11 ሰዎች ሲሰለፉ በፉትሳል በረኛውን ጨምሮ 5 ናቸው፤ ቅያሬውም ቁጥር የለውም። ሜዳው 40 በ20 ሜትር ነው፤ 105 በ68 ሜትር ከሆነው ትልቅ ሜዳ ውስጥ ዘጠኝ ያህል ይወጣሉ። የግቡ ስፋት 3፣ ቁመቱ 2 ሜትር ነው። ኳሷም ከትልቋ ታንሳለች፤ ከ2 ሜትር ከፍታ ስትጣል የምትነጥረው ከ65 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ይህም ልጁ ኳስን ከእግሩ ሥር ይዞ ማቀበልን እንዲማር ነው። በሲሚንቶ ወለል ላይ ትልቋን ኳስ ይዞ መሮጥ እንግዲህ ፉትሳል አይባልም።

ጨዋታው ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ሲሆን ኳስ ከሜዳ በወጣች ቁጥር ሰዓቱ ይቆማል። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም። ከመስመር የወጣች ኳስ በእጅ አትወረወርም፤ በ4 ሴኮንድ ውስጥ በእግር ትመታለች። የአንድ ቡድን ጥፋት በአንድ አጋማሽ 5 ከሞላ በኋላ ለሚቀጥለው ጥፋት ተከላካዮች አጥር ሠርተው ሊከልሉ አይፈቀድላቸውም። ቀይ ካርድ የተሰጠው ተጫዋች አይመለስም፤ ቡድኑ ግን ከ2 ደቂቃ በኋላ ወይም ከዚያ በፊት ግብ ከተቆጠረበት ሌላ ሰው ይተካል። በሰሜን አሜሪካ የሚታወቀው፣ ኳስ ግድግዳ መትታ ስትመለስ የሚቀጥለው የአዳራሽ ጨዋታ ከዚህ የተለየ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልመለስ። ደንቡን የጠበቀ የእጅ ኳስ ሜዳ 40 በ20 ሜትር፣ ግቡም 3 በ2 ሜትር ነው። ስለዚህ የእጅ ኳስ ሜዳ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ የፉትሳል ሜዳ አለው ማለት ነው። ይህን ትቶ አዲስ አዳራሽ ካልተሠራ ብሎ መቀመጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። ወለሉን መጥረግ፣ መስመሩን መቀባት፣ ለጨዋታው የተሠራችውን ኳስ መግዛት ለጅምሩ ይበቃል። ሙቀቱን ለማምለጥ ከጧቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ማጫወት ነው። ገንዘብ ሲገኝ ነፋስ እንዲገባ ዙሪያው ክፍት የሆነ ከፍ ያለ ጣሪያ ቢደረግ ዝናብም ፀሐይም አያስቆመውም። ሆኖም ሲሚንቶ ጉልበትን ስለሚጎዳ ዓለም አቀፉ ሕግ የእንጨት ወይም ሰው ሠራሽ ወለል ይመርጣል፤ እስከዚያው ልጆቹ ጠፍጣፋ የጎማ ጫማ ያድርጉ፤ ተንሸራትቶ መንጠቅም ይከልከል።

ከአፍሪካ ሞሮኮ ይህን ጨዋታ በብርቱ ይዛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016፣ በ2020 እና በ2024 የአህጉሩን ዋንጫ ወስዳለች። እኛ ዋንጫውን ባናስብ እንኳ ሌላ የምናተርፈው አለ። በትልቁ ሜዳ አንድ ልጅ ኳስ ሳይነካ ብዙ ደቂቃ ሊቆም ይችላል። በአምስት ሰው ቡድን ውስጥ ግን ጓደኛውን ሳያይና ሳያቀብል የሚውል የለም። በክልላችን በወንድማማቾች መካከል የደረሰው ግጭት ያሳዘነን ሁሉ ይህን ልብ እንበል። ቡድኑ በሰፈርና በጎሣ ሳይሆን በክፍል ቢዋቀር፣ የአኙዋው፣ የኑዌሩ፣ የመዠንግሩ፣ የኦፖውና የኮሞው ልጅ፣ ከሌላው ክልል ከመጣው ጋር፣ በአንድ ማልያ ይሰለፋል።

እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ከሥራ በኋላ 22 ሰው ማሰባሰብ ቢያቅተን አሥር ሰው አናጣም። ስለዚህ የትምህርትና የስፖርት ኃላፊዎች የትምህርት ቤት ሜዳዎችን በተወሰነ ሰዓት እንዲከፍቱልን፣ ደንቡን የሚያስተምሩ ዳኞችም እንዲያሠለጥኑ በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከጋምቤላ