ወዳጅ ሁሉ የጦር አጋር አይደለም

አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከደብሊን-ፕሌዘንተን የባርት ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ካምፕ ፓርክስ የሚባል የጦር ማሠልጠኛ አለ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የአየር ኃይል ምልምሎች ይሠለጥኑበት ነበር። በዚያው ወቅት የእኛው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ይዋጋ ነበር። ታዲያ ቡና ላይ «አሜሪካ እኮ አጋራችን ነበረች፤ ምን ለያየን?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ አይገርምም። መልሱን ለማግኘት አጋርነት እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበጃል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ አገር የጦር አጋር የሚባለው መቼ ነው? መሪዎች ስለተሳሳሙ አይደለም። አንዱ ያለው ነገር ለሌላው ሲያስፈልገውና ልውውጡ በውል ሲታሰር ነው።

በ1953 የሆነው ይኸው ነው። አሜሪካ አስመራን ፈለገች። ከተማዋ ከፍታ ላይ ስላለች የሬዲዮ ሞገድ ጥርት ብሎ ይገባባታል። ከሩቅ አገር መልእክት ለመቀበልና ለመጥለፍ ትመች ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ ዘመናዊ ጦር ፈለገች። በግንቦት ሁለት ስምምነቶች ተፈረሙ፦ አንዱ የጦር ሰፈሩን ለ25 ዓመት የሚሰጥ፣ ሌላው መሣሪያና ሥልጠና የሚያስገኝ። ሰፈሩም «ቃኘው» ተባለ።

«እንግዲያው ብንወረር አሜሪካ ልትዋጋልን ቃል ገብታ ነበር?» አልገባችም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ መስጠት ሌላ፣ አብሮ መዋጋት ሌላ። አብሮ የመከላከል ቃል ያለው ለምሳሌ በኔቶ ነው፤ ኔቶ በ1949 የተመሠረተ የምዕራባውያን የጦር ማኅበር ነው። ውሉ በአንዱ ላይ የተቃጣ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል ይላል። እዚያም ቢሆን እያንዳንዱ አገር የሚሰጠውን እርዳታ የሚመርጠው ራሱ ነው።

ኬንያ በ2024 ከአሜሪካ ያገኘችው «ከኔቶ ውጭ የሆነ ዋና አጋር» የሚል ማዕረግም የመዋጋት ግዴታ የለበትም። በመሣሪያ ግዢና በሥልጠና ቅድሚያ ያስገኛል።

ዋጋውስ? መጀመሪያ ደም ነው። ኮሪያ ላይ 121 ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል። ሁለተኛው ዋጋ ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ጦርዎ በአንድ አገር መሣሪያ ከታጠቀ መለዋወጫው፣ ጥይቱና አሠልጣኙ ከዚያው ይመጣሉ። ሰጪው እጁን ከሰበሰበ አውሮፕላኑ ቆሞ ይቀራል። ለእኔ ከሁሉም የከበደው ዋጋ ይኼ ነው።

በ1977 የደረሰውም እንዲሁ ነው። ሳተላይት በመምጣቱ አሜሪካ ቃኘው ሰፈርን እንደ ድሮው አትፈልገውም ነበር። በየካቲት የካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት እርዳታውን ቀነሰ። በሚያዝያ ደርግ ቃኘውን ዘጋ፣ የ1953ቱንም ስምምነት አፈረሰ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ገባ።

ሶማሊያን ያስታጠቀችው ሶቭየት ኅብረት ነበረች። እሷም ዞራ ለኢትዮጵያ መሣሪያ በአውሮፕላንና በመርከብ ማጓጓዝ ጀመረች፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። በአሜሪካ መሣሪያ የሠለጠነ ጦር በጦርነት መሀል የሩሲያን ታንክ መማር ነበረበት። የመሣሪያው ዕዳም ለዓመታት ከአገሪቱ ጋር ቆየ።

የሚጸና አጋርነትስ የለም ወይ? አለ። ኢትዮጵያና ኬንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጋራ መከላከያ ስምምነት አደረጉ። ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፣ አዲስ አበባ ወደ ሶቭየት ዞረች፤ ናይሮቢ ከምዕራቡ ጋር ቀረች። ያም ሆኖ በ1979 ውሉን አደሱት። ሁለቱም የሶማሊያን የመሬት ይገባኛል ጥያቄ ይፈሩ ነበርና።