ሞተር ሲታፈን ዕዳው የማን ነው?

ፒሲቪ ቫልቭ የሚባለው ዕቃ በብዙ መኪኖች ላይ ከአውራ ጣት አይበልጥም። በቴስታታው ሽፋን ላይ ወይም በአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ጎን ተሰክቶ ይቀመጣል። ውስጡ አንድ ትንሽ ዘንግና አንድ ሞላ ብቻ ነው፤ ዋጋው ርካሽ፣ ለመቀየርም የደቂቃዎች ሥራ። ይህ ዕቃ ሲዘጋ ግን ጉዳቱ እርሱ ላይ አይቀርም፤ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ሞተሩ ሲበላሽ ደግሞ ባለመኪናው ዋስትናውን ይዞ ወደ ኩባንያው ወኪል ጋራዥ ይሄድና «ዘይት በጊዜው ስላልቀየርክ አይመለከተንም» ተብሎ ይመለሳል። በአሜሪካ ብዙ ሰዎች በዚህ መንገድ አልፈዋል። እንዴት እዚያ እንደሚደረስ ለመረዳት መጀመሪያ ሞተር ለምን መተንፈስ እንደሚያስፈልገው ማወቅ ይገባል።

ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚን ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋዋል። በፒስቶኑ ዙሪያ ያሉት ፋሻዎች ምንም ያህል አዲስ ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም፤ በየምቱ ጥቂት ጋዝ በጎናቸው ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ትንፋሽ የሚባለው ይህ ነው። በውስጡ ያልተቃጠለ ቤንዚን አለ፣ አሲድ የሚሆኑ ጋዞች አሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውኃ ተን አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይፈጠራል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ በፋሻው ሾልኮ የወረደው ግን መውጫ ካላገኘ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል።

መውጫ የማበጀቱ ነገር ረጅም ታሪክ አለው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከሞተሩ ወደ አስፋልቱ የወረደ አንድ ቱቦ ይበቃ ነበር። መኪናው ሲሮጥ በሥሩ የሚያልፈው ነፋስ ትንፋሹን እየሳበ ያወጣዋል፤ መኪናው ሲቆም ግን የሚስበው የለም፤ የወጣውም ሁሉ በቀጥታ ወደ አየር ይገባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥልቅ ውኃ ለሚሻገሩ የጦር ተሽከርካሪዎች ውኃው በዚያ ቱቦ እንዳይገባ ሲባል ትንፋሹን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ዝግ መንገድ ተሠራ። ለተራው መኪና ነገሩ የመጣው ከሎስ አንጀለስ ጭጋግ ጋር ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የካልቴክ ኬሚስቱ አሪ ሃገን-ስሚት ዓይን የሚያስለቅሰው የከተማይቱ ጭጋግ የሚፈጠረው ከመኪናና ከነዳጅ የሚወጡ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ሲለወጡ መሆኑን አሳየ። ቀጥሎ በተደረገው ምርመራ ከመኪና ከሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅ ቀላል የማይባለው ክፍል የሚመጣው ከዚሁ ከሞተሩ ሆድ መሆኑ ታወቀ። ከ1961 ሞዴል ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ ከ1963 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ላይ ትንፋሹን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ፒሲቪ ተገጠመ። የአየር ብክለትን ለመቀነስ በመኪና ላይ የተገጠመ የመጀመሪያው መሣሪያ ይህ ነው። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ ስለ ሕግ ስናወራ ይጠቅመናል።

አሠራሩ ብልህ ነው። ሞተር አየር ሲስብ በማኒፎልዱ ውስጥ የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል፤ ቫልቩ በዚያ ኃይል ትንፋሹን ከሞተሩ ሆድ አውጥቶ እንደገና እንዲቃጠል ወደ ሲሊንደሮቹ ይልከዋል። በሌላ ቱቦ በኩል ደግሞ ከአየር ማጣሪያው የተጣራ ንጹሕ አየር ገብቶ የወጣውን ይተካል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የመምጠጡ ኃይል ብርቱ ስለሆነ ዘንጉ ሞላውን ተጭኖ መተላለፊያውን ያጠበዋል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥና ትንፋሹ ሲበዛ መምጠጡ ስለሚቀንስ ሞላው ዘንጉን መልሶ መንገዱን ያሰፋዋል። እሳት ወደ ኋላ ቢመለስ እንኳ ዘንጉ ተገፍቶ ይዘጋና ነበልባሉ ዘይቱ ዘንድ እንዳይደርስ ይከለክላል። ያለ ሽቦ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ በአንድ ሞላ ብቻ!

ብልሽቱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው መዘጋት ነው። ትንፋሹ መውጫ ሲያጣ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ደካማውን ቦታ ይፈልጋል። ጋርኒሲዮኖች ዘይት ማላብ ይጀምራሉ፤ ሲብስ ደግሞ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ተገፍቶ ከቦታው ይወጣል። በሞተሩ ውስጥ የቀረው ውኃና አሲድ በበኩሉ ዘይቱን እያወፈረ ወደ ዝቃጭ ይለውጠዋል። ሁለተኛው ብልሽት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቫልቩ ተከፍቶ ይቀራል ወይም ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ይቀደዳል። ያን ጊዜ ማኒፎልዱ ከትንፋሹ ጋር ዘይት ጭምር ይመጥጣል። መኪናው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፣ ያፏጫል፣ ዘይቱም የት እንደገባ ሳይታወቅ ይጎድላል።

በአዳዲሶቹ መኪኖች፣ በተለይ ቱርቦ ባላቸው፣ ነገሩ ተወሳስቧል። ቱርቦው አየሩን ወደ ማኒፎልዱ ሲገፋ መምጠጡ ወደ ግፊት ስለሚለወጥ ትንፋሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ተጨማሪ ማገጃ ቫልቮች ያስፈልጋሉ። ብዙ አምራቾች እነዚህን ሁሉ ከቴስታታው ሽፋን ጋር አንድ አድርገው በፕላስቲክ ሠሯቸው። አንዲት ስስ ጎማ ስትቀደድ የሚለወጠው ሙሉ ሽፋኑ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ውሳኔ እኔ ለባለመኪናው የታሰበበት ነው ብዬ አልቀበለውም። ርካሽ የነበረውን የጥገና ዕቃ ወደ ውድ ክፍል መለወጥ ሰዎች ጥገናውን እንዲያዘገዩ ያደርጋል፤ የዘገየው ጥገና ደግሞ ሞተር ይበላል።

ብርድም የራሱን ችግር ይጨምራል። በትንፋሹ ውስጥ ያለው የውኃ ተን በጠባብ ቀዳዳ ላይ ሲያልፍ በረዶ ይሆንና መንገዱን ይዘጋል። ጄኔራል ሞተርስ 2.4 ሊትር ሞተር ባላቸው እንደ ሸቭሮሌ ኢኩዊኖክስ ባሉ መኪኖች ላይ ይህ እንደሚደርስ ለወኪሎቹ በላከው የጥገና መመሪያ ገልጿል፤ በማኒፎልዱ ያለው ቀዳዳ በበረዶ ሲዘጋ የኋላው የዘይት ማገጃ ጎማ ይገፋል፣ ዘይቱም ይፈስሳል። እንደ ሚኒሶታ ባለ ክረምቱ ጠንካራ በሆነ ቦታ አጭር ርቀት ብቻ እየነዳ የሚውል ሰው ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውኃው ተንኖ አይወጣምና።

አሁን ወደ ዋስትናው ክርክር እንምጣ። ጣጣው ያለው ማስረጃው ላይ ነው። የትንፋሹ መንገድ የተዘጋበት ሞተርና ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ያልተለወጠበት ሞተር ሲከፈቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም እንደ ሬንጅ በጠቆረ ዝቃጭ ተሸፍነዋል። የዋስትና ውል ደግሞ በአምራቹ ስሕተት የመጣውን ብልሽት ይሸፍናል እንጂ በባለቤቱ ቸልተኝነት የመጣውን አይሸፍንም። ስለዚህ ዝቃጩ ገና ሲታይ ጣት የሚቀሰረው ባለቤቱ ላይ ነው፤ ንጽሕናውን የማስረዳት ሸክምም በተግባር በእርሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ከሁሉ የሚታወቀው ምሳሌ የቶዮታ ነው። ከ1997 እስከ 2002 ሞዴል በተሠሩ ካምሪ፣ ሲዬና፣ አቫሎን፣ ሃይላንደርና ሌክሰስ አርኤክስ 300 በመሳሰሉ መኪኖች ውስጥ የነበሩ ባለ 3 ሊትር ቪ6 ሞተሮችና ባለ 2.2 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ዝቃጭ እየሞላባቸው ይበላሹ ጀመር። ጉዳዩ የነካቸው መኪኖች ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የኩባንያው የመጀመሪያ መልስ ችግሩ ዘይት በጊዜው ካለመለወጥ የመጣ ነው የሚል ሆነ። ባለመኪናዎቹ ግን ዝም አላሉም። ብዙዎቹ ደረሰኝ ነበራቸው፤ አንዳንዶቹ ዘይቱን ያስቀየሩት እዚያው በኩባንያው ወኪሎች ዘንድ ነበር። ሞተሮቹን የከፈቱ ገለልተኛ መካኒኮችም ከቴስታታው ሙቀትና ከሽፋኑ ውስጥ ካለው የትንፋሽ መተላለፊያ ጠባብነት ጋር አያያዙት።

ጩኸቱ ሲበረታ ቶዮታ በ2002 አቋሙን አለሳለሰ። መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ የሚቆይ የጥገና ሽፋን አስታወቀ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ እስከ 8 ዓመት፣ ያለ ኪሎ ሜትር ገደብ፣ በዝቃጭ የተበላሸ ሞተር እንደሚሸፍን ገለጸ። ባለቤቱ ማሳየት የሚጠበቅበት መኪናውን ለመንከባከብ ተገቢ ጥረት ማድረጉን ብቻ ነበር። ኋላ በተመረቱት ሞተሮች ላይ የትንፋሽ ሥርዓቱ ተሻሻለ። በጋራ የቀረበው ክስም በ2007 በሉዊዚያና ፍርድ ቤት በስምምነት አለቀ። ያኔም ኩባንያው ጥፋቱ የእኔ ነው አላለም። ቮልስዋገን በ1.8 ሊትር ቱርቦ ሞተሩ፣ ሳዓብም በባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦዎቹ ላይ በተመሳሳይ የዝቃጭ ችግር ምክንያት ሽፋናቸውን ወደ 8 ዓመት አራዝመዋል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሞተሩ የተበላሸበት ሰው ከ1997 ጀምሮ ያለውን ደረሰኝ ከየት ያመጣል? መኪናውን ከሌላ ሰው የገዛ ሰውስ? ያለፈው ባለቤት ደረሰኝ በእጁ የለም። ቤቱ ጓሮ ላይ ዘይቱን በራሱ እጅ የሚለውጥ ሰውም የገዛውን ዘይትና ማጣሪያ ደረሰኝ ካልያዘ የሠራው ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠርበታል። ልቤን የሚነካው ይህ ነው፤ ጥንቃቄ ያደረገ ሰው ወረቀት ስለሌለው ብቻ ከቸልተኛው ጋር እኩል ሲፈረድበት።

መንግሥት ለምን አልገባም የሚል ይኖራል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን አምራቾች መኪና ለጥገና መልሰው እንዲጠሩ የሚያስገድደው ጉድለቱ ለሰው ሕይወት አደጋ ሲሆን ነው። ቢኤምደብልዩ በ2017 ከ2007 እስከ 2011 ሞዴል የሆኑ 740,000 ገደማ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪኖችን በዚሁ በፒሲቪ ምክንያት ጠርቷል። ቫልቩ በብርድ እንዳይዘጋ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ክፍል ዝጎ እሳት ሊያስነሣ ይችል ስለነበር ነው። እሳት ሲመጣ ጥሪ አለ። ዝቃጭ ግን የባለቤቱን ኪስ እንጂ መንገደኛውን አያቃጥልምና ጉዳዩ በባለቤቱና በኩባንያው መካከል ይቀራል።

ሆኖም ባለቤቱ ባዶ እጁን አይደለም። በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ በነፃ ካልሰጠ በቀር «የእኔን ዕቃ ካልተጠቀምክ፣ በእኔ ጋራዥ ካላሠራህ ዋስትናህ ይቀራል» እንዳይል ይከለክላል። በሠፈር ጋራዥ የተደረገ ሰርቪስ፣ ደረሰኝ እስካለው ድረስ፣ ሰርቪስ ነው። ከዚህም በላይ ፒሲቪ በተራው መኪና ላይ የተገጠመው የአየር ብክለት መቆጣጠሪያ ሆኖ ነው ብለን ነበር። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከተራው ዋስትና የተለየ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎች ዋስትና አለ፤ ለአብዛኞቹ ክፍሎች 2 ዓመት ወይም 24,000 ማይል ነው። በካሊፎርኒያ ወደ 3 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ያድጋል፤ ውድ ተብለው ለተዘረዘሩ ክፍሎች ደግሞ 7 ዓመት ወይም 70,000 ማይል ይደርሳል። የካሊፎርኒያው ደንብ አንድ ትልቅ ነገር ይጨምራል፤ በዋስትናው ሥር ያለ ክፍል ተበላሽቶ ሌላ የመኪናውን ክፍል ቢያበላሽ አምራቹ ለዚያም ተጠያቂ ነው። ጥያቄውን «ሞተሬ ተበላሸ» ብሎ ማቅረብና «የጭስ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ተበላሽቶ ሞተሬን አበላሸብኝ» ብሎ በጽሑፍ ማቅረብ አንድ አይደለም። እንቢ ሲባልም ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዋሽንግተንና በአካባቢው በታክሲና በመሰል ሥራ ላይ ያሉት ብዙ ወገኖቻችን በተለይ አንድ ገጽ ማንበብ አለባቸው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ለታክሲ፣ ለዕቃ ማመላለሻና ቆሞ ሞተሩን እያሠራ ለሚውል መኪና ከተራው ያጠረ የዘይት መቀየሪያ ጊዜ ሊያዝዝ ይችላል። በተራው ጊዜ የቀየረ ሾፌር በታማኝነት ሠርቶ ሳለ በዚያ አንቀጽ ሊከለከል ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። አብዛኛው መኪና ያገለገለ ሆኖ የመጣ ስለሆነ የአምራች ዋስትና ወሬ የለም፤ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት በ2024 ከተከለከለ ወዲህም ያሉት ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል ይጠበቅባቸዋል። ከተማይቱ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ትንፋሹን የሚስበው ኃይልም ይደክማል። ስለዚህ መካኒክ «ሞተሩ ትንፋሽ አለው፣ ይከፈት» ሲል ከመስማማት በፊት የሚሠራ ቀላል ሙከራ አለ። ሞተሩ ሞቆ ቆሞ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ በቀዳዳው ላይ ስስ ወረቀት ማኖር። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ መንገዱ ክፍት ነው። ተገፍቶ ከተነሣ ደግሞ ፋሻው አልቆ ወይም ቫልቩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ቫልቩን ነቅሎ መነቅነቅ ነው፤ ካልተንኳኳ ዘንጉ ተጣብቋል። ቱቦዎቹ ይጸዱ፣ አዲስ ቫልቭ ይገጠም፣ ሙከራው ይደገም። ያኔም ወረቀቱ ከተገፋ ስለ ፋሻ መነጋገር ይቻላል።