አርባ ስም፣ አንድ በጀት

የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ክለቦች አሉት። እያንዳንዱ ክለብ ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ኦክቶበር ደግሞ የዋንጫው ወር ነው። ዎርልድ ሲሪስ የሚባለው የፍጻሜ ፍልሚያ እንዳለቀ ተጫዋቾቹ ወደየቤታቸው ይበተናሉ። የደጋፊው ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት የብርድ ወራት ራሱን በዋና ሥራ አስኪያጁ ቦታ አስቀምጦ ማን ይቆይ፣ ማን ይሰናበት፣ ማን ይምጣ፣ ለማንስ ስንት ይከፈል እያለ የመጪውን ዓመት ቡድን በወረቀት ይገነባል። ኤክሴል ከፍቶ ሌሊቱን የሚያነጋ አለ፤ የምሳ ሰዓቱን ለዚሁ የሚሰጥ አለ፤ ከአባቱ ጋር በስልክ ሲከራከርበት የሚያመሽም አለ።

የእግር ኳስ ወዳጅ የዝውውር ወሬን ጠንቅቆ ያውቃል። የቤዝቦሉ ዕቅድ ከዚያ የሚለየው በገደቦቹ ብዛት ነው። እዚህ ክለቦች ተጫዋች የሚያገኙት በአብዛኛው ተጫዋች ሰጥተው ነው፤ እንደ አውሮፓው ከፍተኛ የዝውውር ሂሳብ ከፍሎ የሌላውን ክለብ ኮከብ መውሰድ የተለመደ አይደለም። የደመወዝ ታክስ አለ፤ የአገልግሎት ቀን ቆጠራ አለ፤ የስም ዝርዝር ጣሪያ አለ። ጎበዝ ደጋፊ እነዚህን ሁሉ በቃሉ ይዟቸዋል፤ የዕቅዱ ጣዕምም ያለው እዚያ ላይ ነው።

መነሻው አርባው ስም ነው። በሜጀር ሊግ ሜዳ መሰለፍ የሚችለው በክለቡ የ40 ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ የተመዘገበ ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በየዕለቱ ለጨዋታ ዝግጁ ሆነው የሚቀርቡት 26 ናቸው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ 25 ነበሩ። የቀሩት ማይነር ሊግ በሚባሉት የታችኛው እርከን ቡድኖች ይቆያሉ። በውድድሩ ወራት ለረጅም ጊዜ የተጎዱ ተጫዋቾች ከአርባው ውጭ ይያዛሉ፤ ውድድሩ ሲያልቅ ግን ሁሉም ተመልሰው ይቆጠራሉ። ስለዚህ ኖቬምበር ሲብት ዝርዝሩ ይጨናነቃል፤ አንድ ሰው ለማስገባት ሌላው መውጣት አለበት። ጀማሪ ደጋፊ ዕቅዱን የሚያምረውን ተጫዋች ከማምጣት ይጀምራል። የቆየው ግን መጀመሪያ ከአርባው ማን እንደሚወጣ ይለያል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአገልግሎት ዘመን ነው። አንድ ተጫዋች በሜጀር ሊግ 172 ቀን ከተቆጠረለት አንድ ዓመት አገለገለ ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ክለቡ ዝቅተኛውን ደመወዝ ወይም ለዚያ የቀረበ ክፍያ ሊሰጠው ይችላል፤ በ2019 ዝቅተኛው 555,000 ዶላር ነበር። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ዓመት ተጫዋቹ የግልግል ዳኝነት የመጠየቅ መብት አለው። ሁለቱ ወገኖች ካልተስማሙ እያንዳንዳቸው አንድ ቁጥር ያቀርባሉ፤ ሦስት ዳኞችም ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ይመርጣሉ። መሐል ላይ ማስታረቅ የለም። ስድስት ዓመት የሞላው ውሉ ሲያልቅ ነፃ ነው፤ ከፈለገው ክለብ ጋር ይዋዋላል።

አንዲት ቀን ምን ያህል እንደምትመዝን ክሪስ ብራያንት ያውቃል። ቺካጎ ካብስ በ2015 ይህን ወጣት መቺ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጨዋታዎች ማይነር ሊግ አቆየው፤ በዓመቱ መጨረሻ የተቆጠረለት 171 ቀን ሆነ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ ነፃ የሚወጣበት ጊዜ ግን በዚያች ባልተሞላች አንድ ቀን ምክንያት ሙሉ ዓመት ተገፋ። አቤቱታ አቀረበ፤ በ2020 መጀመሪያ ተፈረደበት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያየው ደጋፊ የክለቡን ጥቅምና የተጫዋቹን ድካም አንድ ላይ መመዘን ይማራል።

ነፃነቱ ራሱ በብርቱ ትግል የመጣ ነው። ለአሥርት ዓመታት ክለቦች ተጫዋቻቸውን እስከፈለጉት ጊዜ የማሰር መብት ነበራቸው። በ1969 ሴንት ሉዊስ ከርት ፍለድን ወደ ፊላዴልፊያ ሲያዛውረው አልሄድም አለ፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 ተረታ። የግልግል ዳኛው ፒተር ሳይትዝ ለሁለት ወርዋሪዎች፣ ለአንዲ ሜሰርስሚዝና ለዴቭ ማክናሊ፣ የፈረደው በዲሴምበር 1975 ነው። ከዚያ በኋላ ነው የብርዱ ወራት ገበያ የሆነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ላይ ሲውል ለማየት የዋሽንግተን ናሽናልስን በ2018 እና በ2019 መካከል ያሉትን የእረፍት ወራት የሚያህል ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ሜዳው ለከተማዋ ኢትዮጵያውያንም ሩቅ አይደለም፤ ከዩ ስትሪት ጣቢያ አረንጓዴውን የባቡር መስመር የያዘ ሰው ናቪ ያርድ ወርዶ በእግሩ ይደርሳል። ክለቡ በ2018 82 አሸንፎ 80 ተሸነፈ፤ ለዋንጫ ከታሰበ ቡድን የሚጠበቅ ውጤት አልነበረም። በዚያ ላይ የብራይስ ሃርፐር ውል አለቀ። ክለቡ በ2010 በምርጫ አንደኛ አድርጎ የወሰደው፣ በ2015 የሊጉ ኮከብ የሆነው ሃርፐር የ26 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ክለቡ 10 ዓመት በ300 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት፤ ከገንዘቡ ከፊሉ ግን በኋላ ዘመን የሚከፈል ነበር። ሃርፐር አልተቀበለም። በፌብሩዋሪ 2019 መጨረሻ ከፊላዴልፊያ ጋር በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ተስማማ።

ለዋሽንግተን ደጋፊ የዚያ ሰሞን ጥያቄ አንድ ብቻ ይመስል ነበር፤ ሃርፐር ይቆያል ወይስ ይሄዳል? ሆኖም ሒሳቡን ለሚሠራ ሰው ጥያቄው ሰፊ ነው። የደመወዝ ታክሱ የሚጀምርበት ወለል በ2018 197 ሚሊዮን፣ በ2019 ደግሞ 206 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዋሽንግተን በ2017 እና በ2018 አልፎታል። ታክሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ላለፈ ክለብ ከወለሉ በላይ ባለው ገንዘብ ላይ 20 በመቶ፣ በተከታታይ ሁለተኛ ዓመት 30፣ በሦስተኛው 50 በመቶ ነው። የሚሰላውም በውሉ አማካይ ዓመታዊ ክፍያ ነው። የሃርፐር 330 ሚሊዮን ለ13 ሲካፈል በዓመት 25.4 ሚሊዮን አካባቢ ይሆናል፤ ፊላዴልፊያ ዓመቱን ያረዘመችበት አንዱ ጥቅም ይኸው ነው። ዋሽንግተን በዲሴምበር 2018 ለወርዋሪው ፓትሪክ ኮርቢን የሰጠው 140 ሚሊዮን በስድስት ዓመት ሲካፈል 23.3 ሚሊዮን ነው። በሁለቱ ኮከቦች ዓመታዊ ስሌት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊዮን ብቻ መሆኑን የሚያይ ደጋፊ፣ ያ ገንዘብ መቺ ላይ ይዋል ወይስ ወርዋሪ ላይ የሚለውን በስሜት አይመልሰውም። ሜዳው ላይ የ20 ዓመቱ ሁዋን ሶቶ ቦታውን ይዟል፤ ቪክቶር ሮብለስም ደርሷል። የጎደለው ሌላ ቦታ ነበር።

እውነተኛው የዕቅድ ችሎታ የሚታየውም በዝርዝሩ ታችኛዎቹ መስመሮች ላይ ነው። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች የቡድኑ ድክመት ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞ በኖቬምበር ከርት ሱዙኪን በሁለት ዓመት 10 ሚሊዮን አስፈረመ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ያን ጎምስን ከክሊቭላንድ በዝውውር አመጣ። ወርዋሪው አኒባል ሳንቼዝ በሁለት ዓመት 19 ሚሊዮን መጣ። ታነር ሮርክ የተባለው ነባር ወርዋሪ ወደ ሲንሲናቲ ሄደ፤ በምትኩ የመጣው ታነር ሬይኒ ገና ስም የሌለው፣ እጁ ግን እሳት የሆነ ወጣት ነበር። ሃዊ ኬንድሪክ ደግሞ ከዓመት በፊት በሁለት ዓመት 7 ሚሊዮን የፈረመ፣ በ2018 የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ዓመቱን ያጣ የ35 ዓመት ሰው ነበር። ብዙ ዕቅድ አውጪ እንዲህ ያለውን ስም "ተጠባባቂ" ብሎ ጽፎ ያልፋል።

ቡድኑ 2019ን ክፉኛ ጀመረ፤ በሜይ ወር 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ በ93 ድል ጨረሰ። በሩብ ፍጻሜው ወሳኝ ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ላይ በአሥረኛው ዙር ሦስት ሰዎች ቤዝ ላይ ቆመው ሳሉ ኬንድሪክ ኳሷን ከአጥር ውጭ ሰደዳት። ሳንቼዝ በግማሽ ፍጻሜው በሴንት ሉዊስ የመጀመሪያ ጨዋታ እስከ ስምንተኛው ዙር ድረስ አንድም ምት ሳያስመታ ወረወረ። በዎርልድ ሲሪሱ ሁለተኛ ጨዋታ ሁለት እኩል ሆነው ሳለ ሱዙኪ የተጋጣሚው ወርዋሪ ጀስቲን ቨርላንደር የወረወረውን ኳስ መትቶ ቡድኑን መሪ አደረገ። በሰባተኛው ጨዋታ ኮርቢን ከተጠባባቂ መቀመጫ ተነሥቶ ሦስት ዙር ያለ ነጥብ ጨረሰ፤ ኬንድሪክ የመታት ኳስ የሜዳውን ወሰን የሚያመለክተውን ምሰሶ ነካች፤ ዋሽንግተን በሂውስተን ሜዳ ዋንጫውን አነሣ። ሃርፐር በሌለበት።

የዚያው ዓመት ዕቅድ የከሸፈበትም ቦታ ነበረው። ለጨዋታ ማብቂያ የመጣው ወርዋሪ ትሬቨር ሮዘንታል በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎቹ አንድ መቺ እንኳ ሳያስወጣ ነጥብ ተቆጠረበት፤ በውድድሩ አጋማሽ ተሰናበተ። የዋንጫው ጀግና ስቲቨን ስትራስበርግ በዲሴምበር 2019 በሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን እንደገና ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ በጉዳት ምክንያት የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነበር። ኮርቢንም በ2022 19 ጊዜ ተሸነፈ። እነዚህን ውሎች አርቆ ለማየት የትኛውም ስሌት አይበቃም ነበር። የወርዋሪ ክንድ ነገ ምን እንደሚሆን ሐኪምም አያውቅም፤ ዕቅድ አውጪ ሊያደርግ የሚችለው ለአደጋው በበጀቱ ውስጥ አስቀድሞ ቦታ መስጠት ነው።

ከዕቅዱ ክፍሎች ሁሉ ደጋፊ የሚወደው ግን በዲሴምበር የሚደረገውን ሩል ፋይቭ የሚባለውን ምርጫ ነው። ክለቡ በማይነር ሊግ ለዓመታት ያቆየውን ወጣት በኖቬምበር አጋማሽ ከአርባው ስም ውስጥ ካላስገባው፣ ሌላ ክለብ 100,000 ዶላር ከፍሎ ሊወስደው ይችላል። የወሰደው ክለብ ዓመቱን ሙሉ በዋናው ቡድን ሊያቆየው ይገባል፤ ካልቻለ በግማሽ ዋጋ ለባለቤቱ እንዲመልሰው ማቅረብ አለበት። በ1954 ፒትስበርግ ከብሩክሊን ዶጀርስ በ4,000 ዶላር የወሰደው ልጅ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ነበር። በፒትስበርግ 18 ዓመት ተጫወተ፣ 3,000 ምት አስመዘገበ፤ በ1972 የመጨረሻ ዕለት በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ የኒካራጓ ሰዎች እርዳታ ጭኖ ሲበር አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ። ብሩክሊን በዋናው ቡድኑ ውስጥ ለእርሱ ቦታ አልሰጠውም ነበር። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ደጋፊ የማያውቃቸውን የሃያ ዓመት ልጆች ስም ደጋግሞ የሚያነበው ለዚህ ነው።

ይህን የደጋፊ ትጋት ክለቦቹ ራሳቸው ቀስ በቀስ አክብረውታል። ደጋፊው ቢል ጄምስ በካንሳስ የባቄላና የሥጋ ቆርቆሮ በሚያሽግ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ይሠራ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የጨዋታ ውጤቶችን እየደመረና እየከፈለ በ1977 የመጀመሪያውን መጽሐፉን በራሱ ወጪ አሳተመ። ጥያቄዎቹ ቀላል ነበሩ፤ ጨዋታ የሚያሸንፈው የትኛው ችሎታ ነው? ክለቦች የሚከፍሉትስ ለዚያ ነው? ከ2003 ጀምሮ የቦስተን ሬድ ሶክስ አማካሪ ሆነ፤ ቦስተንም በ2004 ከ86 ዓመት ጥበቃ በኋላ ዋንጫ በላ። ዛሬ በክለቦች ጽሕፈት ቤት ከሚሠሩት መካከል መንገዳቸውን እንደ እርሱ በደጋፊነት የጀመሩ ብዙዎች ናቸው።

ደጋፊ የሚደክመው በዝውውር ላይ ነው። የራሱን ልጅ ዋጋ ከፍ፣ የሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ ሦስት ተጠባባቂ ሰጥቶ ኮከብ የሚቀበልበት ዕቅድ ይጽፋል። ለዚህ ጥሩ ልክ የሚሰጠው የሶቶ ዝውውር ነው። በ2022 ሶቶ 15 ዓመት በ440 ሚሊዮን አልቀበልም ሲል ዋሽንግተን የ23 ዓመቱን ኮከብ ከጆሽ ቤል ጋር ለሳን ዲዬጎ ሰጠ። በምላሹ ስድስት ተጫዋቾች መጡ፤ ከእነርሱም ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎርና ጄምስ ዉድ በኋላ የኮከቦች ጨዋታ ተመራጭ ሆኑ። ሶቶ በዲሴምበር 2024 ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ተፈራረመ። ዋሽንግተን ሦስት ኮከብ አግኝቶም በ2025 96 ጊዜ ተሸነፈ፤ ሪዞም በዚያው ዓመት ጁላይ ተሰናበተ። በሦስቱ ኮከቦች ዙሪያ የሚቆሙት ሌሎቹ መስመሮች አልተሞሉም ነበርና።

የዕቅዱ ደንቦችም ቋሚ አይደሉም። ከዲሴምበር 2021 እስከ ማርች 2022 የክለቦቹ ባለቤቶችና የተጫዋቾቹ ማኅበር ባለመስማማታቸው የሊጉ ሥራ ለ99 ቀናት ተዘግቶ ነበር። አንድም የሜጀር ሊግ ውል አልተፈረመም፤ የዚያ ዓመት የሩል ፋይቭ ዋና ምርጫም ተሰረዘ። በስተመጨረሻ የተፈረመው ስምምነት ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል። አንዳንድ ባለቤቶች የደመወዝ ጣሪያ እንዲኖር ይፈልጋሉ፤ ማኅበሩ ይህን ሐሳብ ለአሥርት ዓመታት ሲቃወም ኖሯል፤ የ1994 ዎርልድ ሲሪስ እንዲሰረዝ ያደረገው አድማም የተነሣው በዚሁ ጠብ ነው። ጣሪያ ከመጣ የረጅም ውሎች አማካይ ስሌት፣ የታክሱ ደረጃዎች፣ ምናልባትም የስድስት ዓመቱ ደንብ ጭምር እንደ አዲስ ይጻፋሉ፤ የ2027ን ቡድን የሚያቅድ ደጋፊም ከአርባው ስም ቀጥሎ የትኛውን በጀት እንደሚጽፍ የሚያውቀው ያኔ ነው።