ረሃብ ከሰማይ ብቻ አይመጣም

ጊዜው ጥቅምት 2013 ዓ.ም ነበር። የአንበጣ መንጋ በራያና በቆቦ በኩል አድርጎ የወሎን ቆላ በወረረበት ሰሞን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ከማቀራቸው ልጆች አንዱ እጁን አወጣና «ኡስታዝ፣ አንበጣ የአላህ ሠራዊት አይደለም እንዴ? ታዲያ መድኃኒት ሲረጩበት ወንጀል አይሆንም?» አለኝ። ወላጆቹ ገበሬዎች ናቸው። በዚያው ሳምንት እናቱና እህቶቹ ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ አባቱ ጅራፍ እያጮኸ፣ ሊታጨድ ጥቂት የቀረውን ማሽላ ለማዳን ሲታገሉ ውለዋል። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች መካከል ደግሞ «ቁጣ ነው፣ ዱዓ አድርጉ እንጂ አትድከሙ» የሚሉ ነበሩ።

ለልጁ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። አንበጣ በፊርዐውን ሕዝቦች ላይ ከተላኩት ተአምራት አንዱ መሆኑ በሱረቱል አዕራፍ ተነግሯል። ሆኖም ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው በተመለሱ ጊዜ «ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን?» ቢባሉ፣ የሚሸሹት ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሆኑን ነበር ያስረዱት። መርጨቱም እንደዚያው ነው። (በነገራችን ላይ አንበጣ መብላት ሐላል መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ መድኃኒት የተረጨበትን መብላት ግን ጤናን ይጎዳልና መጠንቀቅ ያስፈልጋል።)

ልጁ ረክቶ ሄደ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ቀረብኝ፤ ይህ መንጋ ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት፣ ከእኛ ርቆ ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም መኩኑ የተባለ የባሕር አውሎ ነፋስ በኦማን ሰላላ በኩል ወደ የብስ ገባ። ዝናብ ብርቁ በሆነው ሩብዑል ኻሊ በረሃ በአሸዋ ክምሮች መሐል ውሃ ተኛ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2011፣ ሉባን የተባለው ሌላ አውሎ ነፋስ ተከተለ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ የሚፈለፈለውም ኩብኩባ ለምለም ቅጠል ይሻል። ሁለቱ አውሎ ነፋሶች ይህንን ሁሉ አዘጋጁለት። ሰው በማይደርስበት በዚያ ምድረ በዳ ሦስት ትውልድ ተራባ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እንደሚለው፣ አንበጣ ከተመቸው በ3 ወር 20 እጥፍ፣ በ6 ወር 400 እጥፍ፣ በ9 ወር ደግሞ 8,000 እጥፍ ይሆናል።

አውሎ ነፋስ ጉልበት የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነው። የዓረብ ባሕርና የምዕራቡ የሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ እየሞቁ ነው። ምክንያቱም የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ጭስ በዓለም አየር ላይ መከማቸቱ ነው። ያሞቃቸው የወሎ ገበሬ ኩበት አይደለም፤ ዕዳውን ግን እርሱም ይከፍላል።

ይህም ሁሉ ሆኖ መንጋው ገና ሊገታ ይችል ነበር። አንበጣ በቀላሉ የሚጠፋው ክንፍ ሳያወጣ፣ ኩብኩባ ሳለ በምድር ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም መንጋው የመን ሲገባ ግን አገሪቱ በጦርነት ውስጥ ነበረች። የመን ለብዙ ዘመን አንበጣ ስትከላከል የኖረች፣ ባለሙያም ያላት አገር ናት። ነገር ግን መኪናው ቢኖር ነዳጁ የለም፤ ነዳጁ ቢገኝ መንገዱ በጠመንጃ ተዘግቷል። መንጋው በየመን ተራብቶ፣ ክንፍ አውጥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ሶማሊያና ወደ አገራችን ገባ። የ2012 መጸው ከወትሮው የበዛ ዝናብ ሲያመጣ ደግሞ እንደገና ረባ። ለኢትዮጵያና ለሶማሊያ በ25 ዓመት፣ ለኬንያ በ70 ዓመት ያልታየ ወረራ ሆነ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። በ2012 በአገራችን በተደረገው ጥናት 200,000 ሄክታር ያህል የእርሻ መሬት መጎዳቱና 356,000 ቶን እህል መጥፋቱ ታውቋል።

እንግዲህ ልጁ «የአላህ ሠራዊት» ያለው መንጋ ሁለት የሰው እጅ አልፎበታል። አንዱ እጅ ባሕሩን አሞቀ፤ ሌላው እጅ የረጪውን መንገድ ዘጋ። ሱረቱ ሩምም በየብስና በባሕር የሚታየው ብልሽት የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ያመለክታል። «ቁጣ ነው» ብለን ዝም ስንል ለተውበት ራሳችንን እንመረምር ይሆናል፤ ይህ መልካም ነው። ግን ጦርነት የሚለኩሰውንም ሰው ሳናውቀው ከተጠያቂነት እናወጣዋለን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የወሎ ሰው ያውቀዋል። አንበጣው ገና ሳይወጣ፣ በዚያው በጥቅምት 2013 ማብቂያ፣ በትግራይ ጦርነት ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት ወደ እኛ ደረሰ፤ በመኸር አጨዳ ወቅት ደሴና ኮምቦልቻ ጦር ሜዳ ሆኑ። ማሽላው ቆሞ ነበር፤ አጫጁ ግን ተሰዷል። በሬው ታርዷል። የጎተራው እህል፣ ከእርሱም ጋር ለዘር የተቀመጠው፣ ተወስዷል። በኮምቦልቻ ለተራቡ ሕፃናት የተከማቸው የዓለም ምግብ ፕሮግራም ምግብ ተዘረፈ፤ ድርጅቱም በሁለቱ ከተሞች የሚያከፋፍለውን አቋረጠ። በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ የምንሰማው ወሬ ስለ ዝናብ አልነበረም፤ «መንገዱ ተከፈተ ወይ?» የሚል ነበር።

ዝናብ ሳይጠፋም ረሃብ እንደሚመጣ ለማየት ጎረቤታችንን ሱዳንን መመልከት ይበቃል። የገዚራ እርሻ ከእኛው ተራሮች በሚወርደው በጥቁር አባይ የሚጠጣ ሰፊ የመስኖ መሬት ነው። ውሃው አልደረቀም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የተጀመረው ጦርነት በዓመቱ ታኅሣሥ ገዚራ ሲደርስ ግን ገበሬው መሬቱን ጥሎ ሸሸ። በ2016 ክረምት በሰሜን ዳርፉር፣ ስሙ ዘምዘም በሆነው የተፈናቃዮች መጠለያ፣ ጠኔ መግባቱ በይፋ ተረጋገጠ።

ከዚህ ጋር የ18ኛውን ዓመተ ሒጅራ ድርቅ አስተያዩት። ዓመቱ «ዓሙ ረማዳ» ይባላል፤ የሒጃዝ ምድር አመድ መሰለ፣ የገጠሩ ሕዝብ ወደ መዲና ጎረፈ። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ጻፉ፤ ከዚያም በግመል እህል ተላከ። ዑመር ሕዝቡ እስኪጠግብ ቅቤ አልቀመሱም፤ የዚያን ዓመት ዘካ መሰብሰብንም አዘገዩ። ዝናቡ ጠፍቷል፤ ነገር ግን ከሻም እስከ መዲና መንገዱ ሰላም ነበር። በሱረቱ ቁረይሽ ከረሃብ መመገብና ከፍርሃት መጠበቅ ጎን ለጎን መጠቀሳቸው ለእኛ ዘመን የተነገረ ያህል ነው። ከርሳቸው በፊት አቡበክር (ረ.ዐ) ጦር ሲልኩ የሚያፈራ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ ለመብል ካልሆነም በግና ግመል እንዳይታረድ አዘዋል። ጎተራ ያቃጠለ «ሙጃሂድ ነኝ» ወይም «አርበኛ ነኝ» ቢል ይህ ትእዛዝ ፊት ለፊቱ ይቆማል።

በእኛ መስጂድ ከጦርነቱ በኋላ የዘካ እህል ጉዳይ ጀመዓውን አከራክሮ ነበር። ብዙዎቻችን እህሉ ተፈጭቶ ለረመዳን ይታደል አልን። አንድ አዛውንት ገበሬ ግን «ዱቄቱ አንድ ወር ያበላናል፤ ሰኔ ሲመጣ ምን እንዘራለን?» አሉ። ክርክሩ ረዘመ፤ ዘካን ከባለመብቱ ማቆየት አይገባምና። በመጨረሻ ኢማማችን መፍትሔ አገኙ። ማሽላው ወዲያው ለየድሆቹ በስማቸው ተሰጠ፤ እነርሱ ራሳቸው ወደው ግማሹን ወሰዱ፣ ጥሩ ጥሩውን ዘለላ ሳይወቃ መርጠው በአንድ ቤት አስቀመጡ። ያ ጠያቂ ልጅ ከአባቱ ጋር መጥቶ ዘለላ ሲመርጥ አይቼዋለሁ። በሰኔ አባትየው ድርሻውን ወስዶ ዘራ፤ በሚቀጥለው ኅዳር ከማሳው ዘካ ይዞ መጣ።